ጋሼ ሲጋራ ካቆሙ በኋላ ወይኑ ለምን መረራቸው?

የፋሲካ ዕለት ማታ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.። ጋሼ 55 ቀን ሙሉ የጠበቁትን ጠርሙስ ከፈቱ። ደረቅ ቀይ ወይን ነው። ለዓመታት ከሌላው ሁሉ የሚመርጡት እሱን ነበር። ቀዱ፣ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሱ፣ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ተኮማተረ።

«ተበላሽቷል» አሉ። ሌላ ጠርሙስ ተከፈተ። ያም ያው ሆነ። ያቃጥላል፣ ይመራል፣ ምላስ ይይዛል። ብርጭቆውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሲጋራ ሲያቆሙ ወይኑ ይጣፍጥዎታል ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

ብያቸው ነበር። ሁለቱም ጠርሙሶች ደህና ነበሩ፤ እኔም ቀምሻቸዋለሁ። የተለወጡት ጋሼ ናቸው። ለውጡ ግን እኔ ቃል የገባሁላቸው ዓይነት አልነበረም። ይህን የምጽፈው ያን ቃል ለማረም ነው። ሲጋራ ለመተው የሚያስብ፣ የወይን ወይም የጠጅ ብርጭቆውንም የሚወድ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ጋሼ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸው ግን እንዲቀር ጠይቀዋል።

ቤቱ ሰበታ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ አለም ገናን ስታልፉ ያለችው ሰበታ፤ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች። ግቢው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ከፊት ምግብ ቤት አለ፤ ከኋላ ጠጅ የሚጠመቅበት ክፍል። ጠጁን የሚጠምቁት እትዬ ናቸው፣ የጋሼ ባለቤት። ጋሼ የወይኑን መደርደሪያ ይይዛሉ። ቅዳሜና እሁድ ወደ ወሊሶ የሚወርዱ መንገደኞች ይገባሉ፤ በአዘቦት ቀን የፋብሪካ ሠራተኞችና የሰፈር ሰዎች። እኔ ጎረቤት ነኝ። ሥራዬ አስተናጋጆችን ማሠልጠን ነው። ወይን እንዴት እንደሚቀዳና እንደሚቀመስ አስተምራለሁ።

ጋሼ ያኔ 54 ዓመታቸው ነበር። ማጨስ የጀመሩት በ22 ዓመታቸው ነው። በቀን አንድ ባኮ፣ 20 ፍሬ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ሲከለከል መተርኮሻዎቹ ከጠረጴዛ ተነሱ። ጋሼም ጓሮ እየወጡ ማጨስ ጀመሩ። ወይን ሲቀዱ ብርጭቆውን ይዘው ነበር የሚወጡት። አንድ ጎንጨት፣ አንድ ሳብ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ የታሪኩ ቁልፍ እሷ ናት።

ያስቆማቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሳል። ጥር ላይ የያዛቸው ጉንፋን ቢሄድም ሳሉ አልሄድ አለ። ሐኪሙም በግልጽ ነገራቸው። ሁለተኛው እሳቸውን የበለጠ ያመማቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ለሽምግልና የመጡ ትልልቅ ሰዎች ወይን አዘዙ። ጋሼ ከመደርደሪያው ተከፍቶ ቀናት የቆየ ጠርሙስ አንስተው፣ እንደ ወጉ ቀምሰው፣ «ደህና ነው» ብለው ቀዱላቸው። አንዱ እንግዳ ገና ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄማ ኮምጣጤ ነው።» ልክ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የኮምጣጤው ሽታ ያልደረሰው ለጋሼ ብቻ ነው።

እትዬ ይህን ከዓመታት በፊት ያውቁታል። «ጋኑ እየኮመጠጠ ነው ስለው፣ ምንም የለውም ይለኛል» አሉኝ። «አንቺ ሁሌ ትጠራጠሪያለሽ ይለኛል። ሰው ባሌን ባለሙያ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ አፍንጫ እንደሌለው አውቃለሁ። እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጋሼ ወሰኑ። መጋቢት 2 ጾሙ ይገባል፤ እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጋራ አይነኩም። ምርጫው ብልህ ነበር። በጾም መጠጥ ስለማይቀምሱ ዋናው ፈታኝ፣ ያ ብርጭቆ፣ ለ55 ቀን ከፊታቸው ይነሳል። አልኮል ሲጋራ ያቆመን ሰው መልሶ ወደ ሲጋራ ከሚገፉ ዋነኛ ነገሮች አንዱ ነው። በሁለት ቢራ ውሳኔው የፈረሰበት ሰው የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ከመጀመራቸው በፊት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ፈተና አደረግን። በሙያችን የታወቀ ዘዴ ነው። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል። ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ወይን አለ፤ ሦስተኛው ሌላ ነው። የሚቀምሰው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ልዩውን ያወጣል። እኔ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞ የሚባሉ ወይኖች ተጠቀምኩ፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ደረቅ። 6 ጊዜ ደገምነው። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው በአማካይ ከ6ቱ 2ቱን ያገኛል። ጋሼ ያገኙት 2 ነው። እትዬ፣ ወይን እምብዛም የማይጠጡት፣ አጭሰው የማያውቁት እትዬ፣ 5 አገኙ።

ጋሼ ወረቀቱን አዩና ዝም አሉ። «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስጠጣ የነበረው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ልብ ይነካል። መልሱን ለማሳየት ቡና አስፈላን። ጤና አዳም ጣል ያለበት ስኒ ሰጠኋቸውና አፍንጫዎን ይያዙና ይጠጡ አልኳቸው። ያኔ ቡናው መራራ ሙቅ ውኃ ብቻ ይሆናል። አፍንጫን ሲለቁት ጤና አዳሙ ከጉሮሮ ሽቅብ ይመጣል። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። ምላሳችን የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራ፣ የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም። ፍሬው፣ አበባው፣ ማሩ፣ ቅመሙ፣ ጭሱ ግን የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ስንውጥ በጉሮሮ ጀርባ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ወይን ማጣጣም የምንለው ሥራ አብዛኛው እዚያ ነው የሚሠራው።

የሲጋራ ጭስ ደግሞ ሁለቱንም ይጎዳል። የምላስ ጣዕም ለቃሚዎች ይደነዝዛሉ፣ በተለይ መራራ ለመለየት። ሽታ የሚቀበሉት የአፍንጫ ሕዋሳትም በየቀኑ ይቃጠላሉ። ደግነቱ ሁለቱም ራሳቸውን ይተካሉ። የምላሶቹ በ10 ቀን ገደማ ይታደሳሉ፤ የአፍንጫዎቹ ወርና ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። ለብዙ ዓመት አጥብቆ ያጨሰ ሰው ግን አፍንጫው ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እኔ ለጋሼ የነገርኳቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። «በሁለት ሳምንት ይለወጣል፣ ለፋሲካ ወይኑ አዲስ ይሆንልዎታል» አልኳቸው። ለማበረታታት ብዬ ነው። ስህተት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉም ከባዱ ሆኑ። ሀራራው በማዕበል ይመጣል፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ይሄዳል። ጋሼ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ግቢውን እየዞሩ አሳለፉት። እትዬ በሩ ላይ የሚቆመውን ሱቅ በደረቴ «ለእሱ አንድ ፍሬ የሸጥክለት እንደሆነ እኔን አታገኘኝም» ብለው አስጠነቀቁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪምም ጓደኛም ስለማይነግረን ብዙ ሰው ይታመምበታል። በአራተኛው ቀን ጋሼ ልባቸው መምታት፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሁላችንም የሲጋራው ሀራራ መስሎን ነበር። ኋላ ሳስበው ቡናው ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። አጫሽ ሰው ካፌይንን ከማያጨሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ነው የሚያስወጣው። ማጨሱን ሲያቆም ይህ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይወርዳል። እንደ ድሮው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ከጠጣ ደሙ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ይሆናል። ጋሼ ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ስኒ ነበር የሚጠጡት። ከሰዓት በኋላ ያለውን ተዉት፤ በሳምንቱ እንቅልፋቸው ተመለሰ። ሲጋራ ልታቆሙ ካሰባችሁ ቡናውን በግማሽ ቀንሱ። ይህን አደራ እላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሽሮው ጨው በዛበት ማለት ጀመሩ። እትዬ ጨው አልጨመሩም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አሸተቱት፤ አራቁት፤ መልሰው አሸተቱት። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። ኮታቸው፣ ትራሳቸው፣ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሁሉ ያንኑ ይሸት ነበር። እትዬ ቀኑን ሙሉ ሲያጥቡ ዋሉ። ምንም አላሉም። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሽታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ውጪው መግባት ጀመረ። ንፋስ ሲነሳ ከቢራ ፋብሪካው በኩል የሚመጣው የብቅል ሽታ። የከባድ መኪና ናፍጣ። በልግ ሲዘንብ የአፈሩ ሽታ። ጋሼ ሰበታን እንደገና እያወቋት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ፋሲካን መጠበቅ ጀመርኩ።

የፋሲካው ማታ ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬአችኋለሁ። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መራራ የመለየት አቅማቸው ከፍሬው ቀድሞ ተመልሷል። ቀይ ወይን ውስጥ ከወይን ፍሬው ቆዳና ዘር የሚመጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ምራቅን እየያዘ አፍን የሚያደርቀው፣ ያልበሰለ ሙዝ ሲበሉ የሚሰማው ዓይነት ነገር እሱ ነው። ይህ በምላስ ይሰማል። ያን የሚያለዝበው የፍሬው መዓዛ ግን በአፍንጫ ነው የሚመጣው፤ አፍንጫቸው ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ የወይኑ ሻካራ ጎን ሙሉ ሆኖ፣ መልካም ጎኑ ግማሽ ሆኖ ደረሳቸው።

ሁለተኛ፣ አብሮ የቀረበው ዶሮ ወጥ ነው። በርበሬ አፍ ላይ እያለ የአልኮሉ ማቃጠልና የታኒኑ ሻካራነት ይብሳል። ለደነዘዘ አፍ ችግር የለውም። ለነቃ አፍ ከባድ ነው። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ለዘመናት የተስማማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይበልጣል። እሱን ያወቅሁት ግን በማግስቱ ጠዋት ነው።

ጋሼ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ማታ እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ የእህታቸው ልጅ በረንዳ ላይ ሲያጨስ አገኙት። አንድ ተቀበሉት። የወይን ብርጭቋቸውን ከጠረጴዛ አነሱ፣ ወደ ጓሮ ወጡ፣ ለኮሱ። አንድ ጎንጨት፣ አንድ ሳብ።

«ወይኑ ተመለሰ» አሉኝ። ድምፃቸው ያሳዝን ነበር። «ያ የሚመረው ወይን ልክ እንደ ድሮው ጣፈጠኝ። ልጄ፣ እኔ የምወደው ወይን አልነበረም ማለት ነው።»

ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩበት። ነገሩ እንዲህ ነው። አጫሽ ሰው ካጨሰ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሲሆነው ሰውነቱ ኒኮቲን ይጠይቃል። ይቁነጠነጣል። ሲጋራውን ሲስብ በሴኮንዶች ውስጥ ይረጋጋል። ያ እርጋታ የሚመጣው ብርጭቆ በእጁ እያለ ከሆነ ደግሞ ለብርጭቆው ይቆጠርለታል። ጋሼ 30 ዓመት ሙሉ ከወይን ጋር ያገኙት ደስታ ትልቁ ክፍሉ የኒኮቲን ነበር። ለወይኑ የቆጠሩለት የሲጋራውን ሂሳብ ነው። ጭሱም አፍንጫውን ይሸፍናል፣ ምላሱን ያደነዝዛል፤ ሻካራው ወይን ይለሰልሳል። ሲጋራው ሲወጣ ደስታው አብሮ ወጣ፤ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ወይኑ ብቻውን ነው። ጋሼ ደግሞ ከወይኑ ጋር ብቻቸውን ተገናኝተው አያውቁም።

እኔ ይህን ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ያን ሌሊት አይደነግጡም ነበር። ወይን ወዳድ ሆኖ ሲጋራ ለሚተው ሰው «ይጣፍጥሃል» አትበሉት። «መጀመሪያ ይመርሃል፤ ያ ምላስህ መዳኑ ነው፤ ታገስ» በሉት። መራራውን የውድቀት ምልክት አድርጎ ካየው መድኃኒቱን የሚፈልገው ከባኮው ውስጥ ነው።

አንድ ሲጋራ ማጨስ መመለስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። 55 ቀን ያደሰው ምላስ በአንድ ፍሬ አይጠፋም። የእህታቸውን ልጅም ጠርተው እዚህ ግቢ ሲጋራ ይዘህ እንዳትመጣ አሉት። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አላጨሱም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደ አዲስ ጀመርን። በመጀመሪያ ወይኑን ተውነውና አፍንጫውን ያዝን። በጀርመን አገር ቶማስ ሁመል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ዘዴ አለ። የማሽተት ችሎታቸው ለተጎዳባቸው ሰዎች የተሠራ ነው። አራት ሽታ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሽታዎቹ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ናቸው። ለሰበታ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? ጽጌረዳው ከአካባቢው የአበባ እርሻዎች ገበያ ይወጣል። ባሕር ዛፉ አጥር ላይ ነው። ሎሚና ቅርንፉዱ እትዬ ማዕድ ቤት ውስጥ አለ። አራት ትንንሽ ብልቃጥ አዘጋጀን። ጋሼ ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ ማታ ከራት በፊት፣ እያንዳንዱን ጥቂት ሴኮንድ በእርጋታ ያሸታሉ፤ ምን እንደሆነ ያስባሉ።

ማሰቡ ከባድ ሆነባቸው። ሽታው ይመጣል፣ ስሙ አይመጣም። «አውቀዋለሁ፣ ግን ማን እንደሆነ እንጃ» ይሉ ነበር። ይህ የሁላችንም ችግር ነው፤ ለአጫሽ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ አልተለማመደውም። እዚህ ላይ እትዬ ገቡ። እኔ የወይን ቋንቋ ከፈረንጅ መጽሐፍ ልሰጣቸው ስል እሳቸው የቅመም ሳጥናቸውን አወጡ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጦስኝ። «ዓይንህን ጨፍን። ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ያስጠኗቸዋል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ምንም የለውም» ሲባሉ የኖሩ ሴት መምህር ሆኑ። ሲስቁም ሰማኋቸው።

ሰኔ ላይ ወደ ወይን ተመለስን፤ በተለየ ሥርዓት። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ቁርስ ካለፈ በኋላ፣ ምግብ ሳይኖር። ሁለት ሦስት ጎንጨት ብቻ፣ እየቀመሱ መትፋት። ጓሮ የለም፤ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ። ቦታውንና ሰዓቱን የቀየርኩት ሆን ብዬ ነው። ማታና ጓሮ የሲጋራው ነበሩ። በቀይ አልጀመርንም። ከዝዋይ የመጣ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ሻርዶኔ ቀዳሁ። ዝዋይ፣ ባቱ ማለቴ ነው፣ የወይን እርሻው ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች ከዚያ ናቸው። ነጭ ወይን ከፍሬው ቆዳ ጋር ስለማይብላላ ታኒኑ ትንሽ ነው። አፍ አያደርቅም። ጋሼ አሽትተው ቆዩ። «ፖም» አሉ። ከዚያ ቀጥለው «የበሰለ ፖም»። አያችሁ፣ ይህ ሰው በየካቲት ኮምጣጤ የማይሸተው ነበር።

ለስላሳ ጣፋጭነት ያለው ቀይ ቀጠለ። ከዚያ ሜርሎ። በሐምሌ ሜርሎው ውስጥ ፕሪም አገኙ። ያን ዕለት ዶፍ ይዘንብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግራችንን እየዋጠው ጋሼ ጮክ ብለው «ፕሪም! የፕሪም ልጣጭ!» አሉ። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ።

አንድ ነገር አስገረመን። አንድ ቀን ሲራ የሚባል ቀይ ወይን ጠርሙስ ከፈትኩ። ጋሼ ወዲያው «ቁንዶ በርበሬ» አሉ። እትዬ አሸተቱ፤ ምንም። ደገሙ፤ ምንም። ብዙ የሲራ ወይን ውስጥ ሮተንዶን የሚባል ውህድ አለ። ለቁንዶ በርበሬም ሽታውን የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው። ከ5 ሰው 1 ገደማ ግን ይህን ውህድ ጭራሽ አያሸትም፤ አፈጣጠር ነው። እትዬ ከእነሱ አንዷ ናቸው መሰለኝ። ጋሼ ባለቤታቸውን አይተው «አንድ እንኳ አገኘሁብሽ» አሉ። እትዬም «ደግ አደረግህ» አሉ።

ነገሩ ሁሉ ቀና ሆኖ አልሄደም። ጋሼ ወፍረዋል። ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ እሳቸው የቀበቷቸውን ቀዳዳ ሁለቴ ቀይረዋል። ምግብ ሲጣፍጥ እንዲህ ነው። የበለጠ ያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ወይኑ መጣፈጥ ሲጀምራቸው ማታ ማታ መጠኑ ጨመረ። አንድ ብርጭቆ የነበረው ሁለት ተኩል ሆነ። እጅ ሲጋራ ሲያጣ ብርጭቆ ይፈልጋል። ተነጋገርን። አልኮልና ሲጋራ አንድ ላይ ሲሆኑ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋን ለየብቻቸው ከሚያደርሱት ድምር በላይ ያበዙታል፤ ሲጋራው ሲወጣ አደጋው መውረድ ይጀምራል። በሌላው በኩል መልሶ ማሳደግ ግን ምን ይጠቅማል? ጋሼ ራሳቸው ወሰኑ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ብርጭቆ። በሌላው ቀን ብርዝ ወይም ውኃ። እስካሁን እንደያዙት እትዬ ይመሰክራሉ።

የሦስት ብርጭቆውን ፈተና በሰኔ ደገምነው። ከ6ቱ 4። በጥቅምት 2017 እንደገና። 5። እትዬም በሁለቱም ጊዜ አብረው ተፈተኑ፤ 5 እና 5። እሳቸው የተለማመዱት ከጋሼ እኩል ነው፤ ውጤታቸው ግን አልተነቃነቀም። የጋሼን ቁጥር ከፍ ያደረገው ልምምዱ ብቻ ቢሆን የእሳቸውም ከፍ ማለት ነበረበት ብዬ አስባለሁ። 6 ሙከራ ትንሽ ነው፤ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያ ኮምጣጤ ጠርሙስ ትዝ ይለኛል።

የፋሲካውን ደረቅ ቀይ ወይን መልሰው ቀመሱት። አሁን አይመራቸውም። ግን አልወደዱትም። «ደህና ወይን ነው» አሉ። «የኔ አይደለም።» ሠላሳ ዓመት የመረጡትን ወይን ከመደርደሪያው አላወረዱም፤ እንግዳ ሲጠይቅ ይሸጣሉ። ለራሳቸው የሚቀዱት ሜርሎውን ነው፤ ማታ በመስኮቱ አጠገብ፣ ያለ ወጥ፣ ከትንሽ አይብ ጋር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እትዬ አዲስ ጠጅ ሊከፍቱ ነበር። የመስቀል አበባ ማር ነው። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው ነው የጠመቁት፤ ሁሌም እንደሚያደርጉት። ጋሼ እንደ ድሮው ብርሌውን ይዘው ከመቅዳት ይልቅ መጀመሪያ ጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ቀና አሉ።

«ጭስ አለው» አሉ።

እትዬ ደነገጡ። ሲጋራ መስሏቸው ነው።

«የወይራ ነው» አሉ ጋሼ። «ሁልጊዜ ነበረው እንዴ?»

«ከተጋባን ጀምሮ» አሉ እትዬ፣ እና ብርሌውን ተቀብለው ቀዱላቸው።